የግሸን ቁልፍ በማን እጅ ነበር?

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያም በሰው ትሞላለች። ከየአገሩ የመጣው ምእመን የአምባሰልን ገደል ወጥቶ፣ በመስቀለኛው አምባ ላይ ቆሞ፣ ለግማደ መስቀሉ ይሰግዳል። ጸበል ይጠጣል፣ ስለቱን ያስገባል፣ በረከቱን ይዞ ይወርዳል።

ያ ምእመን የሚረግጠው መሬት ሌላም ታሪክ አለው። ግሸን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ እስር ቤት ነበር። ታሳሪዎቹ ሌቦችና ወንበዴዎች አልነበሩም፤ የንጉሥ ልጆች፣ የንጉሥ ወንድሞች፣ የንጉሥ አጎቶች ነበሩ። ብዙዎቹ ሰው አልገደሉም፣ በማንም ላይ አላመፁም። ጥፋታቸው ከንጉሥ መወለዳቸው ብቻ ነበር።

«ንጉሥ ሲሞት ማን ይተካ?» ለሚለው ጥያቄ የመካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያ ያገኘችው መልስ ይህ ተራራ ነው። መልሱ ለጊዜው ሠርቷል። ያስከፈለው ዋጋ ግን ከባድ ነበር፤ አወዳደቁም የከፋ ሆነ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ፣ በዓላት ሲቀሩ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

◆ በየዓመቱ አዲስ ንጉሥ

ይኩኖ አምላክ በ1270 የዛጔን መንግሥት ጥሎ ሲነግሥ የያዘው ትልቁ ክርክር ደም ነበር። «ዙፋኑ የሰሎሞን ዘር ነው፣ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ» የሚል። ይህ ክርክር ዛጔዎችን ከጨዋታ ለማስወጣት ጥሩ ነበር። በውስጡ ግን አንድ ችግር ይዞ መጣ። የሰሎሞን ዘር መሆን ማን መንገሥ እንደማይችል ይናገራል፤ ከሚችሉት መካከል ማን እንደሚቀድም ግን አይናገርም። ነገሥታቱ ደግሞ ከአንድ በላይ ሚስት ያገቡ ነበር። ልጆቹ ብዙ ናቸው፣ እናቶቹም የተለያዩ ናቸው፣ ከእያንዳንዷ እናት ጀርባ ወገን አለ፣ አገር አለ፣ ጦር አለ።

ይኩኖ አምላክ በ1285 ሲሞት ልጁ ይግባእ ጽዮን ተተካ። በ1294 ይግባእ ጽዮን ሲሞት ነገሩ ፈረጠ። ከ1294 እስከ 1299 ባሉት አምስት ዓመታት አምስት ነገሥታት ተፈራረቁ። ሕዝበ አስገድ፣ ቅድመ አስገድ፣ ጂን አስገድ፣ ሰብአ አስገድ እየተባሉ በነገሥታት ዝርዝር ላይ ስማቸው ይገኛል፤ ከስማቸው በቀር ግን የሚነገርላቸው ሥራ እምብዛም የለም።

ትውፊት ይህን ዘመን እንዲህ ይተርካል። ይግባእ ጽዮን ከልጆቹ አንዱን መምረጥ ስላቃተው «በየተራ አንዳንድ ዓመት ንገሡ» ብሎ ተናዘዘ። ታላላቆቹ ተራቸውን ጠበቁ። ታናሹ ግን መጠበቅ ሰለቸው፤ ሲነግሥ ወንድሞቹን ሁሉ ይዞ ለማሰር አሰበ። ምስጢሩ ሾለከና ራሱ ተያዘ። ከዚያ ወዲህ «የነጋሢ ዘር ሁሉ ወደ ተራራ ይውጣ፣ ተራው ሲደርስ ይጠራ» ተባለ።

የትረካው ዝርዝር እንዳለ ባይወሰድም ቁም ነገሩ ግልጽ ነው። ሥልጣንን በቃል ስምምነት ብቻ መከፋፈል አልሠራም፤ ሁሉም ተራ ጠባቂ ሌላው እንዳይቀድመው ይሰጋል። አምስቱ ነገሥታት በአምስት ዓመት ካለፉ በኋላ የይኩኖ አምላክ ልጅ ውድም አርዕድ በ1299 ነግሦ አገሪቱን አረጋጋ። እርሱን የተከተለው ዓምደ ጽዮን ደግሞ ከ1314 እስከ 1344 ገዝቶ ግዛቱን በብዙ አሰፋ። የእርስ በርስ ፍጅት ያስፈራው ቤተ መንግሥት ግሸንን የያዘው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

ሐሳቡ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም። የአክሱም ነገሥታት ዘሮች በደብረ ዳሞ ይጠበቁ እንደነበርና ዮዲት ጉዲት አምባውን ይዛ እንደፈጀቻቸው ሲነገር ኖሯል። ተራራው ላይ ያለው አደጋ ገና ከጅምሩ በትውፊቱ ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። የሰማ ግን አልነበረም።

◆ በአምባው ላይ

ስለ ግሸን እስረኞች ሕይወት ብዙ የጻፈው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ ቆይቷል። አልቫሬዝ ወደ አምባው አልወጣም፤ መውጣት የማይታሰብ ነበር። እርሱና ጓደኞቹ ሳያውቁ ወደ አካባቢው ሲጠጉ የአገሬው ሰው በድንጋይ እንዳባረራቸው ጽፏል። የተራራውን ጥበቃ የሚሠራው ወታደሩ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። በዙሪያው ያለው ገበሬ ሁሉ ዘብ ነበር።

እስረኞቹ «እስራኤላውያን» ይባሉ ነበር፤ የሰሎሞን ዘር ናቸውና። ሁሉም እኩል አይጠበቁም። ለዙፋኑ ቅርብ የሆኑት፣ ማለትም የነገሠው ንጉሥ ወንድሞችና የቅርብ ዘመዶች፣ በጥብቅ ይያዛሉ። ከጥንት ነገሥታት የተወለዱትና ዝምድናቸው የራቀው ትንሽ ይላላላቸዋል። የተራራው አሠራር እንዲህ ነው። ለዙፋን የቀረበ ሰው ከነፃነት ይርቃል።

እዚያ የተወለደ ልጅ እዚያው አድጎ፣ እዚያው አግብቶ፣ እዚያው ወልዶ፣ እዚያው ይሞታል። ጊዜውን የሚያሳልፈው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። ዳዊት ይደግማል፣ ዜማ ይማራል፣ መጻሕፍት ያነብባል። ፈረስ የሚጋልብበት ሜዳ፣ የሚመራው ጦር፣ የሚዳኘው ሕዝብ የለውም። ነገ ግን መልእክተኛ መጥቶ «ንጉሥ ሆነሃል» ሊለው ይችላል። ላይመጣም ይችላል።

ለማምለጥ የሚሞክር አልጠፋም። አልቫሬዝ ራሱ ያየውን አንድ ትዕይንት ጽፏል። የንጉሡ ወንድም የመነኩሴ ልብስ ለብሶ ከአምባው ያመልጣል። አብሮት የተጓዘው መነኩሴ አሳልፎ ይሰጠዋል። በበቅሎ ተጭኖ ሲመለስ እርሱም በቅሎዋም በጥቁር ጨርቅ ተሸፍነው ነበር። ያየ ሰው ሁሉ «ይገደላል» ወይም «ዓይኑ ይወጣል» ይል ነበር። መጨረሻውን አልቫሬዝ አላወቀም።

◆ ዳዊት ከሞተ በኋላ

አምባው የመንገሥ ፉክክርን አስቀርቶ ቢሆን ኖሮ ከ1413 እስከ 1434 ያለው ታሪክ ባልተፈጠረ ነበር።

ቀዳማዊ ዳዊት በ1413 ሞተ። ልጁ ቴዎድሮስ ተተክቶ በዓመቱ ገደማ አለፈ። ሌላው ልጁ ይስሐቅ ከ1414 ጀምሮ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ገዛ። ይስሐቅ ሲሞት ልጁ እንድርያስ ነገሠ፤ ወራት ብቻ ቆየ። ከዚያ የይስሐቅ ወንድም ተክለ ማርያም ሦስት ዓመት ያህል ገዛ። የተክለ ማርያም ልጅ ሠርወ ኢየሱስ በ1433 ነግሦ በዚያው ዓመት ሞተ። ወንድሙ ዓምደ ኢየሱስ ተተክቶ እስከ 1434 ቆየ። ከይስሐቅ በኋላ አምስት ዓመት በማይሞላ ጊዜ አራት ነገሥታት አልጋው ላይ ወጥተው ወረዱ።

ዙፋኑ አንዴ ከአባት ወደ ልጅ፣ አንዴ ከወንድም ወደ ወንድም፣ አንዴ ከወንድም ልጅ ወደ አጎት ይሄዳል። ታላቅ ይቀድማል የሚል ሕግ የለም። ታናሽ ይቀድማል የሚልም የለም። ታዲያ የሚመርጠው ማን ነው? ንጉሡ በሞተበት ሰዓት በአጠገቡ ያለው ሰው ነው። የጦሩ አዛዥ፣ ዐቃቤ ሰዓቱ፣ ንግሥቲቱ፣ ብሕትወደዱ። እነርሱ ተስማምተው ወደ ግሸን ሰው ይልካሉ፤ የተመረጠው ይወርዳል፤ ሌሎቹ እዚያው ይቀራሉ።

እዚህ ላይ የተራራው ትልቁ ምስጢር ይገለጣል። ግሸን የሥልጣን ሽኩቻን አላጠፋም፤ ሽኩቻውን ከመሳፍንቱ እጅ አውጥቶ ለሹማምንቱ ሰጠ። ወንድም ከወንድሙ ጋር በሜዳ መዋጋቱ ቀረ። በምትኩ የተራራውን ቁልፍ የያዙ ሰዎች በአዳራሽ ውስጥ ይሻኮቱ ጀመር። ለእነዚህ ሰዎች ደግሞ ከሁሉ የሚመቸው ንጉሥ ወይ ሕፃን ነው፣ ወይ ዘመድ ወዳጅ የሌለው እስረኛ። ሁለቱም ለሾመው ባለዕዳ ናቸው።

◆ ከእስር የወጣው ንጉሥ

በ1434 ከግሸን ወርዶ የነገሠው የዳዊት ታናሽ ልጅ ዘርዐ ያዕቆብ ነበር። ዕድሜው ወደ ሠላሳ አምስት ይጠጋል። ሹማምንቱ የሚታዘዝላቸው ሰው ያገኙ መስሏቸው ከነበረ ተሳስተዋል። ሠላሳ አራት ዓመት ነገሠ፤ ከመካከለኛው ዘመን ነገሥታት ሁሉ በብርታቱም በአስፈሪነቱም የሚጠቀስ ሆነ።

ዘርዐ ያዕቆብ የእስር ቤቱን ሁለት ስጦታዎች ይዞ ወርዷል። አንዱ ትምህርት ነው። የሃይማኖት መጻሕፍትን የጻፈና ያስጻፈ፣ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የሰንበትን ክርክር የዘጋ ንጉሥ ነው። ሌላው ጥርጣሬ ነው። ወንድሞቹና የወንድሞቹ ልጆች እንዴት እንደተፈራረቁ አይቷል። ማን እንዳነሣቸው፣ ማን እንደጣላቸው ያውቃል። ስለዚህ ሥልጣንን ለሹማምንት መስጠት ፈራ። በዘመኑ ከፍተኛ የነበረውን የቀኝና የግራ ብሕትወደድነት ለሁለት ሴት ልጆቹ፣ ለመድኅን ዘመዳና ለብርሃን ዘመዳ ሰጠ። ሌሎች የቤተ ዘመዱን ሴቶችም በየአገሩ ሾመ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ሴት ልጅ ዙፋን አትጠይቅም።

ጥርጣሬው ግን ወደ ገዛ ልጆቹ ዞረ። ወንዶችም ሴቶችም ልጆቹ ዳስክና ዲኖ የሚባሉትን መናፍስት አምልካችኋል ተብለው ተከሰሱ። በአደባባይ ተገረፉ፤ ከመካከላቸው የሞቱ አሉ። የንጉሡ ዜና መዋዕል ራሱ ይህን አልደበቀም።

ከሁሉም የሚያሳዝነው የጽዮን ሞገሳ ታሪክ ነው። ጽዮን ሞገሳ የበእደ ማርያም እናት ናት። «ልጄ ይንገሥ ብለሽ ከሰዎች ጋር ተማክረሻል» ተባለች። በንጉሡ ትእዛዝ ተደበደበች፤ በዚያው ሞተች። በድብቅ ተቀበረች። ልጇ ለተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን ዕጣንና ጧፍ መስጠቱ ሲሰማ አባቱ ተቆጣ፤ እርሱም ታሰረ። በመጨረሻ የመነኮሳት ምልጃ ተጨምሮበት አባትና ልጅ ታረቁ። ዘርዐ ያዕቆብም በእደ ማርያምን ወራሽ አድርጎ መረጠ።

እንግዲህ ልብ ማለት ነው። አንዲት እናት የሞተችው «ከአንተ በኋላ ልጅህ ይንገሥ» ብላለች ተብላ ነው። የሆነውም ያው ነው፤ በ1468 ነጋሢው ያ ልጅ ሆነ። ሴራ ተብሎ ያስገደለው ሐሳብ በኋላ የንጉሡ ኑዛዜ ሆነ። ግልጽ ሕግ ባለበት አገር ይህች ሴት በአልጋዋ ላይ ትሞት ነበር።

ቤተ ክርስቲያን እንደምታስተምረው ግማደ መስቀሉን ወደ ግሸን ያመጣው ይኸው ዘርዐ ያዕቆብ ነው። እስረኛ ሆኖ የኖረበትን ተራራ ንጉሥ ሆኖ አከበረው። እስረኞቹን ግን አልፈታም።

◆ ሁለት ጎራ፣ ሁለት ንጉሥ

በእደ ማርያም ከአባቱ የተለየ ሰው ነበር። የታሰሩትን ፈታ፣ የአባቱን ጥብቅ ሥርዓት አላላ፣ ሁለቱን ብሕትወደዶች ወደ ቦታቸው መለሰ። በ1478 ሲሞት ግን ልጁ እስክንድር ገና የሰባት ዓመት ሕፃን ነበር።

የሕፃን ንጉሥ ዘመን የሞግዚቶች ዘመን ነው። የንጉሡ እናት ሮምና፣ ቄሱ ተስፋ ጊዮርጊስና ብሕትወደድ ዓምደ ሚካኤል አገሪቱን በስሙ ገዙ። ከሦስቱ ጉልበቱ የጎላው ዓምደ ሚካኤል ነበር። እስክንድር ዕድሜው ሲደርስ ብሕትወደዱ ከሥልጣኑ ወረደ። ንጉሡ ራሱ በ1494 ከማያ ሕዝብ ጋር በተደረገ ውጊያ ተገደለ። ገና ሃያ ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሥርዓቱን እርቃኑን ያስቀረ ነው። ዘስሉስ የሚባለው ሹም ጦር ይዞ ወደ ግሸን ገሠገሠ፤ የበእደ ማርያምን ልጅ ናዖድን አውርዶ «ንጉሥ ይህ ነው» አለ። ተክለ ክርስቶስ የሚባለው ሌላው ሹም ደግሞ በቤተ መንግሥቱ የእስክንድርን ትንሽ ልጅ ዓምደ ጽዮንን አንግሦ «ንጉሥ ይህ ነው» አለ። ሁለቱ ጎራዎች ተዋጉ። ተክለ ክርስቶስ አሸነፈ፤ ሁከቱ ግን በየአገሩ ቀጠለ። ሕፃኑ ንጉሥ ስድስት ወር ገደማ ነግሦ በዚያው ዓመት ሞተ። ናዖድም ተመልሶ ነገሠ።

ይህ ጦርነት የሁለት መሳፍንት ጦርነት አይደለም። አንደኛው ከእስር የወጣ ሰው ነው፤ ሌላው ምን እንደተፈጠረ የማያውቅ ሕፃን ነው። ጦርነቱ የሁለት ሹማምንት ነበር። ንጉሡ ሰንደቅ ነው፤ ያዡ ሌላ ነው። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንዲሉ፣ የማን ልጅ ቢነግሥ ግብሩ የማይቀንስለት ገበሬ በሁለቱም ወገን ተሰልፎ ሞተ።

◆ የናዖድ ልጅ እንባ

ስለ ናዖድ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ፤ በኋላ ዘመን የመጡ ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ጽፈው አቆይተውታል። ንጉሡ የስምንት ወይም የዘጠኝ ዓመት ልጁን አጠገቡ አድርጎ ተቀምጧል። አንድ ሹም ልጁን ይመለከትና «ይህ ልጅ አደገ እኮ» ይላል። ልጁ ነገሩ ገባው። ዓይኑ እንባ ሞላ። «ያደግሁት ወደ ግሸን ልሄድ ነው?» ብሎ አባቱን ጠየቀ። ናዖድ ልቡ ተሰበረ፤ ከእንግዲህ የንጉሥ ልጅ ወደ ተራራው እንዳይወጣ አዘዘ ይባላል።

ናዖድ ራሱ የግሸን እስረኛ ነበርና ታሪኩ ለማመን አይከብድም። ያም ሆኖ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ ውስጥ የንጉሡ ወንድም ተይዞ ሲመለስ አይቷል። ትእዛዙ ለአንዱ ልጅ ሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ለቀሩት ግን በሩ አልተከፈተም። ርኅራኄ አንድን ልጅ ሊያድን ይችላል፤ ሕግ ካልሆነ ግን ለሁለተኛው አይደርስም።

ናዖድ በ1508 ሲሞት የነገሠው ልብነ ድንግልም ዕድሜው አሥራ ሁለት ገደማ ነበር። በዚህ ጊዜ ቁልፉን የያዘችው እቴጌ እሌኒ ነበረች። የሐድያ ገራድ ልጅ የሆነችው እሌኒ ከዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ በቤተ መንግሥቱ የኖረች፣ ነገሥታት ሲመጡና ሲሄዱ ያየች ሴት ናት። እርሷና አቡነ ማርቆስ ሆነው ልብነ ድንግልን እንዳነገሡ አልቫሬዝ ጽፏል። እሌኒ ብልህ ነበረች። የኦቶማን ቱርክ ኃይል ወደ ቀይ ባሕር እንደሚመጣ ቀድማ አይታ ማቴዎስ የሚባለውን አርመናዊ መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ላከች። አገሪቱ በመልካም እጅ ወደቀች ማለት ይቻላል። ይህ ግን ዕድል ነበር። ሥርዓቱ ለእሌኒም ለዓምደ ሚካኤልም ያው አንድ በር ነው የሚከፍተው።

◆ ማዶም ያው ነው

ይህ በሽታ የክርስቲያኑ መንግሥት ብቻ አልነበረም። በአዳል ሱልጣን ሙሐመድ በ1518 ተገደለ። በሁለት ዓመት ውስጥ በርካታ ሰዎች ተፈራረቁ። በ1520 ሱልጣን አቡበክር ሥልጣን ይዞ መናገሻውን ወደ ሐረር አዞረ። እርሱን ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ገደለው፤ ዑመር ዲን የተባለውን ወንድሙን አነገሠ፤ እውነተኛውን ሥልጣን ግን በራሱ እጅ አደረገ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በአዳል ቀውሱ ጉልበት ያለው ሰው ወደ ላይ እስኪወጣ ድረስ ቀጠለ። በማዶ ደግሞ የንጉሡ ዘር ሁሉ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በአንድ ተራራ ላይ ተሰብስቦ ተቀምጧል። ሁለቱ መንግሥታት በ1529 በሽምብራ ቁሬ ተገናኙ። ልብነ ድንግል ተሸነፈ።

◆ 1540

የኢማሙ ጦር ግሸንን ለመያዝ በ1531 ሞከረ፤ አልቻለም። በ1533 እንደገና ሞከረ፤ አልቻለም። ተራራው የነገሥታቱ ግምጃ ቤትም ነበርና ወርቁም ሰዉም እዚያ ነበሩ። በ1540 ግን አምባው ተያዘ። በላዩ የነበሩት «እስራኤላውያን» ከጠባቂዎቻቸው ጋር ተፈጁ።

ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዙፋኑን እንዳያናውጡ ተብለው የታሰሩ ሰዎች ዘር በአንድ ጊዜ ጠፋ። እንዳያመልጡ የተሠራው ገደል መሸሻ አሳጣቸው። ሌላ አገር ቢሆን መሳፍንቱ በየግዛታቸው ተበትነው፣ አንዱ ቢሞት ሌላው ጦር ሰብስቦ ይዋጋ ነበር። እነዚህ ግን ጦር መምራትን አልተማሩም፤ ሕዝብም አያውቃቸውም።

በዚያው ዓመት መስከረም መጀመሪያ ላይ ልብነ ድንግል ከአምባ ወደ አምባ ሲሸሽ ኖሮ በደብረ ዳሞ ሞተ። የጥንት ነገሥታት ዘሮች ታስረውበት ነበር በሚባለው ተራራ ላይ ማለት ነው። ታላቅ ልጁ ፊቅጦር ቀደም ብሎ ተገድሏል። ሌላው ልጁ ሚናስ ተማርኮ ወደ የመን፣ ወደ ዘቢድ ተልኳል። ዙፋኑን የወረሰው ወጣቱ ገላውዴዎስ ነበር። የናዖድ ልጅ ልጆች ግሸን ስላልነበሩ ዘሩ ተረፈ። በትውፊቱ እንደሚባለው ናዖድ ልጁን ከግሸን ባያስቀር ኖሮ የሰሎሞን ሥርወ መንግሥት በዚያ ዓመት ባለቀ ነበር።

የአልቫሬዝ መጽሐፍ በሊዝበን የታተመውም በዚያው በ1540 ነው። አውሮፓ ስለ ነገሥታቱ እስር ቤት ማንበብ ሲጀምር እስር ቤቱ አብቅቶለት ነበር።

◆ መግደል፣ ማሰር ወይስ ሕግ?

ግሸንን ከዛሬ ሆኖ መፍረድ ቀላል ነው። ዘመኑን ማየት ግን ይገባል። የኦቶማኑ ሱልጣን ዳግማዊ መሐመድ የነገሠ ሁሉ ወንድሞቹን ለሥርዓት ሲል እንዲገድል የሚፈቅድ ሕግ ትቶ ሞተ። በ1595 ሦስተኛው መሐመድ ሲነግሥ አሥራ ዘጠኝ ወንድሞቹን በአንድ ጊዜ አስገደለ። ከዚያ በኋላ ኦቶማኖችም ወደ ማሰር ዞሩ፤ መሳፍንቱን በቤተ መንግሥት ክፍሎች ውስጥ ዘጉባቸው። ኢትዮጵያ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የደረሰችበት ላይ ቱርክ የደረሰችው በ17ኛው ነው። ከመግደል ማሰር ይሻላል፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ፈረንሳይ ሌላ መንገድ ሄደች። ከ987 እስከ 1316 ዙፋኑ ከአባት ወደ ልጅ ሳይቋረጥ ተላለፈ። በመጀመሪያ ነገሥታቱ በሕይወት ሳሉ ልጆቻቸውን ያነግሡ ነበር፤ ቀስ በቀስ የበኩር ልጅ መውረስ ልማድ፣ ልማዱም ሕግ ሆነ። ወንድ ወራሽ ሲጠፋ ግን እነርሱም የመቶ ዓመት ጦርነት ውስጥ ገቡ። ሕግም ቢሆን ሁሉንም አደጋ አይዘጋም። ቢያንስ ግን ሦስት መቶ ዓመት ያህል እያንዳንዱ ፈረንሳዊ ንጉሡ ሲሞት የሚነግሠውን በስም ያውቅ ነበር።

በኢትዮጵያ ይህ ለምን አልሆነም? አንዱ ምክንያት ከላይ ተነግሯል፤ ከአንድ በላይ ሚስት ባለበት ቤት በኩር ማን እንደሆነ እንኳ ያከራክራል። ዋናው ምክንያት ግን ሕግ አለመኖሩ የሚጠቅማቸው ብዙዎች መሆናቸው ነው። ንጉሡ ወራሹን ካሳወቀ ዓይን ሁሉ ወደ ወራሹ ይዞራል ብሎ ይፈራል። ሹሙ ወራሹ ከታወቀ የእርሱ ምርጫ ዋጋ ያጣል ብሎ ይፈራል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር ደግሞ ንጉሥን የሚያስር ሕግ ማን ያወጣል? ስለዚህ ሕጉ ሳይጻፍ ቀረ፤ ንጉሥን ማሰር ሲያቅት ልጆቹ ታሰሩ።

◆ ከግሸን በኋላ

ትምህርቱ ተወስዷል ቢባል ጥሩ ነበር። መቶ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ የጎንደሩ ፋሲለደስ ሌላ ተራራ መረጠ፤ ወህኒ አምባ። የጎንደር ዘመን መሳፍንትም በተራቸው ወደዚያ ወጡ፤ ቁልፍ ያዦችም በተራቸው የፈለጉትን አወረዱ። ዛሬም አማርኛ ተናጋሪ እስር ቤትን «ወህኒ ቤት» ሲል የተራራውና የእስር ቤቱ ስም አንድ ነው።

የዙፋን ውርስ በጽሑፍ ሕገ መንግሥት የሰፈረው በ1931 ነው። በዚያን ጊዜ ከ1916 ጀምሮ ከሥልጣን የተወገደው ልጅ ኢያሱ በእስር ላይ ነበር። በ1932 ከፍቼ አምልጦ ተያዘ፤ ወደ ጋራ ሙለታ ተወሰደ፤ በ1935 እዚያው ሞተ። ጋራ ሙለታም ተራራ ነው። ከግሸን የመጀመሪያ እስረኛ እስከ ጋራ ሙለታው እስረኛ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ አለ። መፍትሔው ግን ተራራ ከመቀየር አላለፈም።

ዛሬ የሚታሰር መስፍን የለም፤ የሚጠበቅ አምባም የለም። ጥያቄው ግን አልወረደም። ሥልጣን የሚተላለፍበት መንገድ አስቀድሞ ካልታወቀ፣ ማንም ይምጣ ማን፣ የሚወስነው በዚያች ሰዓት ቁልፉን የያዘው ነው። ቁልፍ የያዘው እሌኒን የመሰለ ሰው ከሆነ አገር ይተርፋል። ዘስሉስና ተክለ ክርስቶስ ከሆኑ ገበሬው ይሞታል። አገርን በዕድል ላይ ማስቀመጥ ምን እንደሚያስከፍል ግሸን ሁለት መቶ ዓመት ቆማ አስተምራለች።

በሚቀጥለው መስከረም 21 ወደ አምባው የሚወጣ ሰው ስለ መስቀሉ ይሰግድ። ሲወርድ ግን አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ገደሉን ይመልከት። ለመውረድ ፈቃድ ሳያገኙ እዚያው የቀሩ ብዙ ሰዎች ነበሩ።